ተዋናዩ ከየት መጣ?

ለመሆኑ የአንድ ተዋናይ ስም ሲነሳ አፋችን ላይ የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ ምንድን ነው? «አግብቷል?» ካልሆነ «መኪናው ምን ዓይነት ነው?» ይሆናል። ቃለ ምልልስ የሚያደርጉለት የሙያ ባልደረቦቼም ቢሆኑ ከዚህ ብዙ አይርቁም። የትውልድ ዘመኑን፣ የሚወደውን ምግብ፣ ለትዳር የሚመርጣትን ዓይነት ሴት ጠይቀው፣ ፎቶግራፉን በሙሉ ገጽ አትመው ይሸኙታል። ከዚህ ገጸ ባሕርይ በፊት የማንን ሕይወት ተጫወተ? ከማን ተማረ? ድምፁን የት አሸው? ስንት ዓመት ለሌላው መጋረጃ ሲጎትት ኖሮ ነው መጋረጃ የተከፈተለት? ይህ ሁሉ የጠያቂውንም የአንባቢውንም ጊዜ የሚያባክን ይመስል ይታለፋል። እኔ ደግሞ የተዋናይ ማንነት የሚገኘው እዚያ በታለፈው ጥያቄ ውስጥ ነው ባይ ነኝ።

ይህን እንዳነሳ ያደረገኝ የአገሬ መጽሐፍ ነው። የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ከ59 ዓመት በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ መቅረብ ጀመረ። ማንኩሳና ዲማ ለደብረ ማርቆስ ሰው የልብ ወለድ ስሞች አይደሉም፤ ዘመድ ያለባቸው፣ መኪና የሚሄድባቸው አገሮች ናቸው። ደራሲው ራሳቸው በ1902 ዓ.ም. የተወለዱት ከከተማው አቅራቢያ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። ስለዚህ ወሬው ደብረ ማርቆስ ሲደርስ ሌላ ወሬ ሁሉ ቆመ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ወሬው ግን ስለ ምን ነበር? ሰብለ ወንጌልን ማን ሠራት? ታምራለች? በዛብህስ ቁመናው እንዴት ነው? የፊታውራሪ ካባ ልክ ነው? ሁሉም ስለ መልክና ስለ ልብስ ነው።

አንባቢ ከወዲሁ እንዲረዳኝ የምፈልገው የድራማውን ተዋንያን አንድ በአንድ እየጠራሁ ነጥብ ልሰጥ አለመነሳቴን ነው። ክርክሬ ከእነሱ በፊት ከነበረ ነገር ጋር ነው።

አንድ ምሽት ደብረ ማርቆስ በአንዲት ሻይ ቤት ውስጥ ስለዚሁ ጉዳይ ወጣቶቹ ሲሟገቱ፣ ጥግ ይዘው የተቀመጡ አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «ልጄ፣ እኔ ፊታውራሪ መሸሻን አውቃቸዋለሁ» አሉኝ። «እንዴት አባቴ?» ብላቸው «ስንት ጊዜ ቤቴ መጥተው የለም እንዴ! በሬዲዮ ነዋ» አሉና ሻያቸውን ቀጠሉ። ወጣቶቹ ሳቁ። እኔ ግን ስለ ተዋናይ ሙያ ከዚህ የጠለቀ ሒስ ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

አዛውንቱ ቤት ይመጣ የነበረው ወጋየሁ ንጋቱ ነው። በደርግ ዘመን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ አገሩ በሙሉ ጆሮውን ሰጥቶታል። ማንበብ የማይችለው ባላገር መጽሐፉን የ«አነበበው» በወጋየሁ ጉሮሮ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ከማይክሮፎን ፊት ተቀምጦ በዛብህን፣ ሰብለ ወንጌልን፣ ጉዱ ካሳን፣ ወይዘሮ ጥሩአይነትን፣ ቦጋለ መብራቱንና ውድነሽ በጣሙን ሆነ። የሰብለ ወንጌልን ቃል ሲያነብ በአድማጩ ትዝታ የሚቀረው የቀጠነ የወንድ ድምፅ ሳይሆን ልጅቱ ናት። ፊታውራሪ ሲቆጡ ደግሞ ሬዲዮኑን ከመደርደሪያው ያወርዱት ይመስላል። ለዚህ ነው ዛሬ ፊታውራሪን ለብሶ ካሜራ ፊት የሚቆም ማንኛውም ተዋናይ የሚወዳደረው ከመጽሐፉ ጋር ብቻ ያልሆነው። ከሞተ ሰው ድምፅ ጋርም ይወዳደራል፤ የሞተ ሰው ደግሞ አይሳሳትም፣ አያረጅም፣ በሌላ ማስታወቂያ ላይም ብቅ ብሎ አያሳፍርም።

ታዲያ ይህ ድምፅ ከየት መጣ? ከሰማይ አልወረደም። ወጋየሁ ሬዲዮን ያገኘው ከመድረክ መጥቶ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበብ ማዕከል ከእነ ተስፋዬ ገሠሠና ደበበ እሸቱ ጋር የሠራ፣ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔቶች የተፈተነ፣ በብሔራዊ ቴአትር መድረክ ያደገ ሰው ነው። የጸጋዬን ቃል ይዞ መድረክ ላይ መቆም ምን ማለት እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። ዐረፍተ ነገሩ እንደ ጮቄ ተራራ ዳገት ነው፤ ትንፋሹን ያልቆጠበ ተዋናይ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ትንፋሽን መቆጠብ፣ ቃልን ሳይውጡ መጨረስ፣ ዝም ማለት የሚገባበትን ቦታ ማወቅ፤ ወጋየሁ ሬዲዮ ጣቢያ የገባው እነዚህን ይዞ ነው። ሬዲዮ ፊቱን፣ እጁን፣ አካሄዱን ሁሉ ሲነጥቀው የቀረለት ሀብት ድምፁ ነበርና፣ በእሱ ብቻ አንድ የጎጃም አገር ሙሉ ሠራበት።

ባልንጀሮቹም ባዶ እጃቸውን የመጡ አልነበሩም። ተስፋዬ ገሠሠ አሜሪካ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ቴአትር አጥንቶ የተመለሰ አዘጋጅ፣ ደራሲም ተዋናይም ነበር። ደበበ እሸቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1973 በወጣው የሆሊውድ ፊልም «ሻፍት ኢን አፍሪካ» ውስጥ ዋሳ የተባለውን ሰው ሆኖ ሲሠራ፣ ከአዲስ አበባ መድረክ ቀጥታ ወደ ካሜራ መሻገሩ ነው። ከሆሊውድ ሰዎች አጠገብ ሲቆም ያልተደናገጠው ቆንጆ ስለነበረ ብቻ አይመስለኝም።

ከእነሱ የቀደሙት ደግሞ ሌላ መንገድ መጡ። አስናቀች ወርቁ ክራር ይዛ ነው የመጣችው፤ ሴት መድረክ ላይ መታየቷ እንደ ነውር በሚቆጠርበት ዘመን ዘፋኝም ተዋናይም ሆነች። አባባ ተስፋዬ፣ ማለትም ተስፋዬ ሣህሉ፣ ሴት ተዋናይ ባልተገኘበት ጊዜ እንደ ሴት ለብሰው የተጫወቱ፣ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮርያ ድረስ ዘልቀው ወታደሩን ያዝናኑ ሰው ናቸው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የልጆችን ፕሮግራም የያዙት እኚሁ ሰው ከ40 ዓመት በላይ ከመስኮቱ አልጠፉም። «ልጆች፣ የዛሬ አበባዎች» ሲሉ ያ ድምፅ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽና የጦር ሰፈር ያለፈ ድምፅ መሆኑን ማን ልብ አለ? ሴት ሆኖ የተጫወተ፣ ወታደር ያሳቀ ሰው ሕፃን ማሳቅ አያቅተውም። ቴሌቪዥናችን ሲጀምር የራሱ ተዋናይ አልነበረውም፤ ከቴአትር ቤት ተበደረ። ብድሩን መመለሱን ግን እጠራጠራለሁ።

እዚህ ላይ ተቃዋሚዬ ብድግ ብሎ «የመድረክ ሰው ካሜራ ፊት ይጮሃል!» ይለኛል። ይጮሃል፤ አልክድም። በጥንቱ የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ ከሚስቱ ጋር አልጋ ላይ ተቀምጦ ሲያወራ ለሰገነት ተመልካች የሚያሰማ ባል ስንቱን አየን! እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ «ወጥ አምጪልኝ» የሚል ሰው ነበር። መድረክ ያስተማረውን ካሜራ ያስረሳዋል፤ ማስረሳትም አለበት። ሆኖም የሚረሳው ነገር ያለው ተዋናይና መጀመሪያውኑ ምንም ያልያዘ ተዋናይ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ድምፁን ዝቅ በል ሲሉት ዝቅ ይላል። ሁለተኛውን ከፍ በል ቢሉት ምን ያወጣል?

ሌላም ተቃውሞ አለ፤ ይኸኛው ይከብዳል። «ኃይሌ ገሪማ ‹ምርት ሦስት ሺህ ዓመት›ን የሠራው በባላገሮች አይደለምን? የሙያ ታሪክ የሚባል ነገር ምን አላቸው?» እውነት ነው። ንጉሡ በወረዱበት ዘመን ተቀርጾ እንደ ፈረንጆች በ1976 በወጣው በዚያ ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ የምናያቸው ገበሬዎች የቴአትርን ደጃፍ ያልረገጡ ናቸው፤ የትኛውም ዲፕሎማ የማይሰጠውን ፊትም ሰጥተውታል። ጣሊያኖችም ይህን ከእሱ በፊት አድርገውታል። በቪቶሪዮ ደ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» በ1948 ዋናውን ሰው የተጫወተው ላምቤርቶ ማጆራኒ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ብስክሌቱ የተሰረቀበትን ድሃ አባት ሆኖ ዓለምን አስለቀሰ። ከዚያ በኋላ ግን? ወደ ፋብሪካው ቢመለስ ሥራውን አጣ፤ በፊልሙም ዓለም ያን የመሰለ ቦታ ሁለተኛ አላገኘም።

ከዚህ የምረዳው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ሙያ የሌለው ሰው ራሱን ሲጫወት አንድ ጊዜ ተአምር ሊሠራ ይችላል፤ የኃይሌ ገበሬ ገበሬ ነው፣ የደ ሲካም ሠራተኛ ሠራተኛ ነው። ለዚያውም እዚያ ጥበበኛው አዘጋጁ ነው። የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ግን ክፍል እየተከተለ ወራት ይዘልቃል፤ ተዋናዩም ራሱን ሳይሆን ከእሱ በፊት የነበረን ዘመን ሰው ነው የሚጫወተው። ዛሬ ማንም በሕይወቱ ፊታውራሪ ሆኖ አያውቅም። ሁለተኛው የሚያሳስበኝ ደግሞ የማጆራኒ ዕጣ ነው። ሙያ ሳይሰጡ ዝና መስጠት ሰውን ከፋብሪካውም ከፊልሙም ያስቀረዋል። በአንድ ድራማ ገንነው ድራማው ሲያበቃ አብረው ያበቁ ልጆች በየሰፈሩ አሉ፤ ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ጎጃም ልመለስ። «ጎጃም ተዋናይ የሚያሠለጥን ምን አለው?» ለሚል አዲስ አበቤ መልስ አለኝ። ከደብረ ማርቆስ እምብዛም በማይርቀው በደብረ ኤልያስ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ተወለደ። የአማርኛ ቴአትር ገና ድክ ድክ በሚልበት ዘመን «አፋጀሽኝ»ን የጻፈ፣ ዜማውን ራሱ የደረሰ፣ ተማሪዎቹን አሰልፎ መድረክ ላይ ያወጣ ሰው ነው። የቴአትር ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር? አልገባም። የገባው ቅኔ ቤት ነው። ዜማ ተምሯል፤ ዝማሜን፣ ጽናጽልንና መቋሚያን ያውቃል። አቋቋም የሚባለው ትምህርት እኮ የእግር፣ የእጅ፣ የድምፅና የዝምታ ሥርዓት ነው። ቴአትር ቤቶች በሦስትና በአራት ዓመት ሊያስተምሩት የሚታገሉትን ዮፍታሔ ከቤተ ክርስቲያን ይዞት መጣ። ሐዲስ ዓለማየሁም ቢሆኑ በዚሁ በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ተቀርጸው፣ ገና በወጣትነታቸው «የሐበሻና የወደኋላ ጋብቻ» የተባለ ቴአትር የጻፉ ሰው ናቸው። ልብ ወለዱ በንግግር የተሞላው በከንቱ አይደለም።

የቆሎ ተማሪን አስቡት። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ ከሚጮህበት ከተዘጋ ደጃፍ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ድምፁ አጥሩን ዘልቆ፣ የውሻውን ጩኸት አልፎ፣ እመቤቲቱ ልብ ካልደረሰ ራቱን አይበላም። ከዚህ የሚከብድ የድምፅ ፈተና የት አለ? በዛብህ ደግሞ የዚህ ትምህርት ልጅ ነው፤ በፊታውራሪ ቤት ሰብለ ወንጌልን ማስተማር ያበቃውም ይኸው ትምህርቱ ነው። በዛብህን የሚጫወት ተዋናይ ፀጉሩን ከማስተካከሉ በፊት አንድ ክረምት ቅኔ ቤት ደጅ ቢከርም ምናለበት? ቃሉን ሳይሆን አቀማመጡን ይማራል፤ መምህር ፊት እንዴት እንደሚቆም፣ ሲያፍር ዓይኑ የት እንደሚያርፍ ይማራል። ከሴት ፊት ያፈረ ዘመናዊ ወጣትና ከሴት ፊት ያፈረ የቅኔ ተማሪ የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

ጉዱ ካሳን ደግሞ ተዉት! እሱ ሲናገር ገጽ ተገልጦ ገጽ ይመጣል። ኅብረተሰቡ እንዴት እንደተካበና እንዴት እንደሚናድ ያስረዳል፤ ሰው እብድ ይለዋል፤ እሱ ግን ከሁሉም በላይ ጤነኛ ነው። ይህን ሰው በየሁለት ሰከንዱ በሚቆራረጥ ቀረጻ አንድ ዐረፍተ ነገር፣ ከዚያ ሌላ አንግል፣ ከዚያ ሌላ ዐረፍተ ነገር እያደረጉ ማናገር ሐሳቡን መግደል ነው። ሐሳቡ በትንፋሽ ይያያዛል። ትንፋሹን ማያያዝ የሚችል ተዋናይ ከተገኘ ካሜራው ዝም ብሎ ሊያየው ይገባል፤ ካልተገኘ ግን አዘጋጁ ጉድለቱን በመቁረጥ ይሸፍናል፤ ተመልካቹም «ፍጥነቱ ጥሩ ነው» ይላል።

ቅር የሚያሰኘኝን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ያገሬ ሰው ይታዘበኛል። የጎጃም አነጋገር በቴሌቪዥናችንና በኮሜዲ ፊልማችን ውስጥ የሚሰማው መቼ ነው? ዘበኛው ሲናገር። ከገጠር ገና የመጣች ሠራተኛ ሊፍት ስታይ ስትደነግጥ። ዘመድ ጥየቃ የመጣው ባላገር ሶፋ ላይ በጫማው ሲወጣ። የቅኔው አገር ቋንቋ የሳቅ ማስጀመሪያ ሆኖ ቀረ። አነጋገሩን የሚጫወቱትም ብዙውን ጊዜ ጎጃምን በዓባይ ድልድይ አልፈው የማያውቁ ልጆች ናቸው፤ ከኮሜዲያን ካሴት የቀዱትን ይደግሙታል። የቅጂ ቅጂ ነው። ተዋናዩ የግድ የጎጃም ተወላጅ ይሁን ማለቴ አይደለም፤ ወጋየሁን ያ አዛውንት የተቀበሉት የትውልድ መታወቂያውን አይተው አልነበረም። ቃሉን ስላከበረው ነው የተቀበሉት። «ፍቅር እስከ መቃብር» በቴሌቪዥን ሲመጣ ትልቁ ቁም ነገር ለእኔ ይህ ነበር፤ ያ አነጋገር ለመጀመሪያ ጊዜ ከዘበኛ ቤት ወጥቶ የፍቅር፣ የፍልስፍናና የአመፅ ቋንቋ ሆኖ ሊሰማ የሚችልበት ዕድል ነው። አበጀ በለው ባላገሩን ሲያስተባብር ተመልካች በአነጋገሩ ቢስቅ፣ ያ አመፅ ገና ሳይጀመር ተሸነፈ ማለት ነው።

የተዋንያንን የሙያ ታሪክ መጠየቅ የወሬ ጉዳይ ያልሆነው ለዚህ ነው። በዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ከተከፈተ አንድ ትውልድ ተኩል አልፏል፤ ሀገር ፍቅርም ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በየክፍለ ሀገሩ የነበሩት የኪነት ቡድኖች፣ የኛውም ግሽ ዓባይ ጭምር፣ ፖለቲካቸው ምንም ይሁን ምን ልጁን ከሰፈሩ አንሥተው መድረክ ያለማምዱ ነበር። ዛሬ ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ተዋናይ መሆን የሚፈልግ ልጅ መሰላሉ የት ነው? የዓባይን በረሃ የሚሻገረው አውቶቡስ ብቻ ነው መሰላሉ። በከተማው ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በሐዲስ ዓለማየሁ ስም የተሰየመ የባህል ጥናት ተቋምም አለው። ድራማ ሠሪዎቹና ተቋሙ፣ የቅኔ መምህራኑና ተዋንያኑ ከቀረጻ በፊት አንድ ወር አብረው ቢቀመጡ የሚወጣው ገንዘብ ከአንድ የማስታወቂያ ቢልቦርድ የሚበልጥ አይመስለኝም።

አንድ ወጣት አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ቅኔ ቤት ቆይቷል፤ ሲፎክር ፀጉር ያቆማል፤ በተማሪነቱ በትምህርት ቤቱ የቴአትር ክበብ ውስጥ ንጉሥም እረኛም ሆኖ ተጫውቷል። አዲስ አበባ ሄዶ ለአንድ ድራማ ተፈተነ። ያሉትን ቃል በሙሉ ድምፁ ሲወጣው «እሱን ተወውና እስቲ ጎጃምኛ አድርገህ አስቀን» አሉት። የዘበኛ ቦታ ሰጡት፤ ሦስት ዐረፍተ ነገር። ሦስቱንም ተናግሮ ተመለሰ። አሁን በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተምራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን በዛፍ ጥላ ሥር ሰብስቦ ቴአትር ያለማምዳል፤ ሰሞኑን የያዙት የጉዱ ካሳን ንግግር ነው። ሳያቋርጡ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚደርሱበትን ያህል።